እንደነበረው አድርግልኝ

ባለማርሚታው መኪናዋን ከማየቱ በፊት ሰማት። ከዳቦ ቤቱ መታጠፊያ ጀምሮ እየጮኸች ነው የመጣችው፤ በርሜል ውስጥ ድንጋይ ጨምሮ ቁልቁለት እንደመልቀቅ ያለ ጩኸት። ሥራውን አቆመና የብየዳ መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቀለ። ሠላሳ ዓመት ሙሉ የመኪና ጭስ ማውጫ ሲቆርጥ፣ ሲያጎብጥና ሲበይድ የኖረ ሰው ነው። ሾፌሮቹ «ጭሱ» ይሉታል፣ በዕድሜ የሚያንሱት ደግሞ «ጋሽ ጭሱ»። ሌላው ሰው ሰውን በመልኩ እንደሚለየው፣ እሱ መኪናን በድምፅዋ ይለያል።

«ይቺማ ሙሽሪት ናት» አለ። ብቻውን ነበር።

ሙሽሪት የመምህሩ መኪና ናት። የጂኦግራፊ አስተማሪው ገና ጎረምሳ ሳለ ጓዙን ጠቅልሎ ከሚሄድ መሐንዲስ የገዛት፣ አፍንጫዋ ረጅም፣ ቀለሟ የወተት፣ በሯ በትከሻ ካልተገፋ የማይዘጋ አሮጊት። ስሟን ያወጣላት ራሱ መምህሩ ነው። «አርባ ዓመት ሙሉ ሙሽራ ይኖራል እንዴ?» ሲሉት፣ «ምን ላድርግ፣ ቬሎዬን አላወልቅም አለች» ይል ነበር። መምህሩ ከሞተ ዓመት ከሁለት ወሩ ነው።

መኪናዋ ደጃፉ ላይ ደርሳ ጠፋች። ከውስጧ የወረደችው የመምህሩ አንድ ልጅ ናት። መድኃኒት ቤት ትሠራለች፤ ነጭ ጋዋኗን እንኳ አላወለቀችም።

«ጋሼ፣ ጉድ ሆኜልሃለሁ።»

«ከመታጠፊያው ሰምቼሻለሁ። ሰፈሩም ሰምቶሻል።»

«ትናንት ማታ ነው። ድንጋይ ነካኝ መሰለኝ፣ ድው አለ። ከዚያ ወዲህ እንዲህ ናት።»

መኪናዋን በክሪክ አነሳት፣ ደገፋትና ካርቶን አንጥፎ ከሥሯ ገባ። ድምፅ የምታፍነው ትልቋ ሆድ፣ ማርሚታዋ፣ ከወገቧ ተሰንጥቃለች። ቱቦው ላይ አውራ ጣቱን ቢጫነው እንደ ብስኩት ተፈረፈረለት።

«ሞታለች» አለ ከሥር ሆኖ። ወዲያው ምላሱን ነከሰ። «ማርሚታዋን ማለቴ ነው።»

«አይጠገንም?»

«ምኑ ይጠገናል ልጄ? እሳት ባስጠጋበት እሳቱ ነው የሚበላው። ቱቦውም ሆዱም መቀየር አለበት።»

ከሥር ሆኖ የሚታየው ጫማዋ ብቻ ነው። ጫማዋ አንዴ ወደ መንገዱ፣ አንዴ ወደሱ ይዞራል።

«እንግዲያው እንደነበረው አድርግልኝ። ምንም አትጨምርበት፣ ምንም አትቀንስበት።»

«እሺ።»

«ድምፅዋም እንደነበረው።»

«እሺ አልኩሽ እኮ።»

«ለዛሬ ማታ ይደርሳል?»

ሳቁን ለቀቀው። «እንክብል ቆጥሮ በወረቀት መጠቅለል መሰለሽ እንዴ? እስከ ሐሙስ ስጪኝ።»

«ሐሙስ!»

ሲወጣ ፊቷ ልውጥ ብሏል። ዓይኗ ሥር እንቅልፍ ያጣ ሰው ጥቁረት አለ። አፏን ከፈተች፣ አንድ ነገር ልትል ምራቋን ዋጠች፣ ተወችው።

«እሺ ጋሼ። ላስቸግርህ አልፈልግም። ብቻ እንደነበረው።»

ይሉኝታ ነው፣ አለ ጭሱ በሆዱ። አባቷ ራሱ ጉሮሮው ደርቆ ውሃ ሲያቀርቡለት «አሁን ጠጥቼ ነው የመጣሁት» የሚል ሰው ነበር። ጭሱ ባደገበት ቤትም «በቃኝ» ያለ እንግዳ ሦስት ጊዜ ሳይለመን ሳህኑ አይነሳም። የሰው ልጅ የልቡን ፍላጎት በእምቢታ ጠቅልሎ እንደሚያቀርብ እሱ በደንብ ያውቃል። «ምንም አትጨምርበት» ማለት «አትቸገርልኝ» ማለት ነው። ጠቅልላ ያቀረበችለትን እሱ ፈታው።

ወደ ውስጥ ሲገባ ዓይኑ በቀጥታ ወደ ኋለኛው ግድግዳ ሄደ። እዚያ ሚስማር ላይ ሁለት ማርሚታዎች ተንጠልጥለዋል፤ እንደ መንታ አንድ ዓይነት፣ አሥራ አንድ ዓመት አቧራ የጠጡ።

የገዛቸው ከመምህሩ ጋር ነው። ያን ጊዜ መምህሩ ጉልበቱን አቅፎ እዚሁ ጎማ ላይ ተቀምጦ፣ ተማሪ እንደሚጠይቅ ጣቱን አንስቶ፣ «ስማ ጭሱ፣ ሰው ስንት የአፍንጫ ቀዳዳ አለው?» አለው።

«ሁለት።»

«ታዲያ ሙሽሪት ምን በድላ በአንድ ትተነፍሳለች?»

ቀልድ ቢሆንም ነገሩ እውነት ነበር። የሙሽሪት ሞተር ስድስት ሲሊንደር ነው። ከፊተኞቹ ሦስቱ የሚወጣው ጭስ በአንድ አንገት፣ ከኋለኞቹ ሦስቱ የሚወጣው በሌላ አንገት ይወርድና፣ ከሥር ተጋፍተው በአንድ ቀጭን ቱቦ ይወጣሉ። ሁለቱን አንገቶች ለየብቻ ይዞ፣ ለየራሳቸው ሆድ ሰጥቶ፣ በግራና በቀኝ ማውጣት ይቻላል። መምህሩ በአሮጌ መጽሔት አንድ እንዲህ ያለች መኪና አይቶ ከዚያ ወዲህ ሐሳቡ አልለቀውም። «በሚመጣው እረፍት ነው የምናደርገው» ተባባሉ። አንዱ እረፍት በፈተና እርማት አለፈ፣ አንዱ በጣሪያ ጥገና፣ አንዱ በልጅቷ ምረቃ። መጨረሻ ላይ ሕመሙ መጣ። ሆስፒታል ተኝቶ ሳለ ሊጠይቀው ሲሄድ፣ መምህሩ በዚያች በቀጨጨች ድምፁ፣ «ሁለቱን ሆዶች እንዳትሸጥብኝ» አለው። ጭሱም ሳቅ እያለ፣ «ማን ይገዛኛል?» አለ። መልሱ ይኸው ነበር። ከዚያ በኋላ አልተገናኙም። ሌላ ነገር ባልኩት ኖሮ እያለ ዓመት ከሁለት ወር ሙሉ ሲብሰለሰል ኖሯል። እዚያ ቤትም ከለቅሶው ወዲህ እግሩን አላነሳም፤ ምን ብዬ እገባለሁ እያለ።

ማርሚታዎቹን አወረዳቸው።

ጎረቤቱ ጎሚስታው፣ የተነፈሰ ጎማ እያንከባለለ ሲያልፍ አየው። ይህ ሰው ወሬ ሳይጨምርበት ጎማ የማይነፋ ነው።

«አይ አንተ! መንታዎቹ ዛሬ ሊዳሩ ነው?»

«ለሙሽሪት ናቸው።»

«ልጅቷ እንደነበረው አላለችህም እንዴ? ከዚህ ሆኜ ሰምቻታለሁ።»

«የልጅ አፍ ነው። የአባቷን ልብ የማውቀው እኔ ነኝ።»

«አንተ ጆሮህ የሚሰማው ሞተር ብቻ ነው፤ ሰው ሲያወራ ይዘጋል» አለና ጎማውን እያንከባለለ ሄደ።

የመጀመሪያው ቀን አሮጌውን በማውረድ አለቀ። የማርሚታዋ ጎን ላይ መምህሩ በገዛ እጁ በሽቦ ያሰረው የወተት ዱቄት ቆርቆሮ ነበር፤ ላዩ ላይ የተሣለችው ላም አሁንም በግማሽ ትታያለች። ማርሚታዋን ቢያንቀሳቅሳት ክል አለች። በዚህች ድምፅ ከመምህሩ ጋር ስንት ዓመት ተጨቃጭቀዋል! ሙሽሪት ቀስ ብላ ስትሄድ ከሆዷ ክል... ክል... የሚል ነገር ይሰማል። ውስጥ የላላ ላሜራ እንዳለ ጭሱ ያውቃል። «ክፈታትና ላጥብቅልህ» ባለው ቁጥር መምህሩ ይስቃል። «ተዋት ባክህ። ባለቤቴ እኮ እሷን ሰምታ ነው ራት የምታሞቀው» ይለዋል።

ጭሱ ጓጓ። ማርሚታዋን በማሽን መጋዝ ለሁለት ሰነጠቃት። ውስጧ፣ በአንድ ጥግ ብቻ የተንጠለጠለች የሻይ ማስቀመጫ የምታህል ላሜራ አገኘ። ጠርዟ አርባ ዓመት ሙሉ ሲጋጭ ኖሮ እንደ መስታወት አብረቅርቋል። «አንቺ ነሽ ለካ» አላትና ሁለቱን ግማሽ የብረት ክምር ላይ ወረወረ።

በዚህ ሙያ አንድ ደንብ አለ። ከመኪና የወጣ አሮጌ ዕቃ ለባለቤቱ ይመለሳል፤ ባለቤቱ ካልፈለገው ራሱ ይጥለዋል። ጭሱ በሠላሳ ዓመት ውስጥ ይህን ደንብ አጓድሎ አያውቅም። ዛሬ ግን አዲሱን በድንገት ሊያሳያት እንጂ ዝገት ሊያስታቅፋት አልፈለገም። ረቡዕ ጠዋት ብረት ሰብሳቢው ጋሪውን እየገፋ መጣና ክምሩን እንዳለ ጭኖ ሄደ።

ቱቦ ማጉበጥ ትዕግሥት ይፈልጋል። በመጀመሪያ ወፍራም ሽቦ ይዞ ከሙሽሪት ሥር ገባ። ሽቦውን ከሞተሩ አንገት ጀምሮ፣ በፍሬኑ መስመር አጠገብ፣ የኋላውን ጎማ ከሚያዞረው ዘንግ ጎን፣ ከነዳጅ ታንኩ ርቆ፣ እስከ ጅራቷ ድረስ መንገዱን አስያዘው። ከዚያ ቱቦውን በደረቅ አሸዋ ጠቀጠቀ፤ አሸዋ ከሌለበት ሲጎብጥ ይጨማደዳል። ሁለቱን ጫፍ በእንጨት ወተፈ፣ በእሳት እስኪቀላ አሞቀና በሽቦው ልክ ቀስ እያደረገ አጠፈው። የግራው በጠዋት አለቀ። የቀኙ ሁለት ጊዜ አሳስቶት በሦስተኛው እሺ አለው። ላብ በላብ ሆኖ አንገቱን ሲያቀና ከንፈሩ ላይ ዜማ ነበር።

ልጅቷ በየቀኑ አሥር ሰዓት ላይ ትደውላለች። «አልደረሰም?» ትላለች። «ነገ ከነገ ወዲያ» ሲላት ትንፋሿ በስልኩ ይሰማል። ረቡዕ በአካል መጣች። የእጅ አንጓዋ ላይ ሦስት የጥፍር ጭረት ነበር።

«ምን ነካሽ?»

«ድመት ናት።»

እነዚህ ሰዎች ድመት ነበራቸው እንዴ ብሎ አሰበ። ወዲያው ደግሞ ቱቦውን ከኋላ የሚይዘው የጎማ ማንጠልጠያ ማነሱ ትዝ አለውና ሐሳቡ ወደዚያ ሄደ።

ሐሙስ ከሰዓት ሁሉም ቦታ ቦታውን ያዘ። ሁለቱ ቱቦዎች እኩል እንዲተነፍሱ በመካከላቸው አጭር መገናኛ በየደባቸው። ከአሮጌ ጎማ ማንጠልጠያ ቆረጠ። ጫፋቸውን እስኪያበራ ወለወለ። ከዚያ ሞተሩን አስነሳና ወደ ኋላ ሄዶ ተንበረከከ። ግራ መዳፉን በግራው፣ ቀኝ መዳፉን በቀኙ ቱቦ አፍ ላይ ያዘ። ሁለቱም መዳፉ ላይ እኩል ሙቀት፣ እኩል ምት። ድምፁ ወፍራምና ለስላሳ ነበር፤ ከደረት የሚወጣ፣ የተረጋጋ ሰው ድምፅ። አንዲት ክል የምትል ነገር የለችበትም።

«ሰማህ መምህር?» አለ።

ልጅቷ ስትመጣ ምንም ሳይናገር ቁልፉን አዞረላት። ቆማ ሰማች። መጀመሪያ ግንባሯ ተቋጠረ። ቀጥሎ እጇ ቀስ ብሎ አፏ ላይ ወጣ።

«ጋሼ... አሮጌውስ?»

«የቱ?»

«የወጣው ዕቃ።»

«ብረት ሰብሳቢው ወሰደው። ዝገት ምን ያደርግልሻል? ያባትሽ ምኞት ነው ይሄ! አሥራ አንድ ዓመት ግድግዳ ላይ ጠብቆሻል። በነገራችን ላይ ከአንቺ የምቀበለው ነገር የለም። የሱ ነው።»

እንባዋ በጉንጯ ወረደ። ሁለት ጊዜ «ጋሼ» ብላ ጀመረችና አልጨረሰችውም። ከዚያ እጁን በሁለት እጇ ያዘችው።

«እግዜር ይስጥልኝ» አለች፣ በማይሰማ ድምፅ። ገብታ ነዳች።

«አለቀሰች እኮ» አለ ለጎሚስታው።

«በደስታ?»

«ታዲያ በምን?»

ያን ቀን ልቡ ቅቤ ጠጣ።

አዲስ ጭስ ማውጫ ለሁለት ቀን ከተሄደበት በኋላ ብሎኖቹ እንደገና ይጠብቃሉ። ብረት ሲሞቅና ሲቀዘቅዝ ይላላል። ስለዚህ ቅዳሜ ሊመሽ ሲል ጭሱ ሁለት ቁልፎች ኪሱ ከትቶ ወደ መምህሩ ቤት በእግሩ ሄደ። ብሎኑ ሰበብ ነው። ሙሽሪት በአዲስ ድምፅዋ ወደ ገዛ ደጇ ስትገባ መስማት ነበር የፈለገው።

የመምህሩ ባለቤት ከአጥሩ በር ውጪ ዱካ ላይ ተቀምጠው ነበር። ቦርሳቸውን ጭናቸው ላይ አድርገዋል። አንድ እግራቸው ላይ ጫማ፣ አንዱ ላይ ነጠላ ጫማ። ዓይናቸውን ሞራ ከጋረደው ቆይቷል፤ ፊታቸውን ወደ መታጠፊያው አዙረው የሚያዩት በጆሯቸው ነው።

«እትዬ፣ እንደምን ዋሉ?»

«ደህና» አሉ ሳይዞሩ። «መኪና ሰማህ?»

«የማንን?»

«የሱን ነዋ። ዛሬ ቆየብኝ። ፈተና እያረመ ነው መሰለኝ።»

ጭሱ የያዛቸው ቁልፎች ኪሱ ውስጥ ተጋጩ። ሊመልስ ሲል ሙሽሪት ከመታጠፊያው ብቅ አለች፣ በዚያ በወፍራም፣ በለስላሳ፣ እሱ ራሱ በሠራላት ድምፅ። አልቆመችም፤ ደጁን አልፋ ሄደች። ጥቂት ቆይታ በታችኛው መንገድ ዞራ ተመልሳ መጣች። ከመሪው ጀርባ ልጅቷ ነበረች፣ አንገቷን በመስኮት አውጥታ እናቷን እያየች።

«ይሄ ሰውዬ ደግሞ ምን ጠፍቶት ነው?» አሉ እትዬ ተበሳጭተው። «ሰው መኪና እየጠበቀ ጆሮ ያደነቁራል። ሂድና ሌላ ቦታ ዙር በለው እስቲ።»

ልጅቷ መኪናዋን አቆመችና ወረደች። ጭሱን ስታየው ቀጥ አለች። ከዚያ እፍረቱን ትታ እናቷን በክንዳቸው ያዘች።

«እማዬ፣ በቃ እንግባ። መሸ።»

«እሱ ሳይመጣ?»

«ይመጣል። እራት ይቀርባል፣ ነይ።»

«ልቀቂኝ!» እትዬ የበሩን ብረት ጨበጡ። ልጅቷ ጣታቸውን አንድ በአንድ ስታላቅቅ ጥፍራቸው አንጓዋ ላይ አረፈ። ጭሱ አንገቱን ደፋ። ድመቷን አወቃት።

ብዙ ተለምነው፣ ተጎትተውም ጭምር፣ ገቡ። ልጅቷ ተመልሳ ስትመጣ ደረጃው ላይ አጠገቡ ቁጭ አለች።

«አባዬ መሞቱን የረሳችው በሦስተኛው ወር ነው» አለች። «ሲመሽ ዱካዋን ይዛ ትወጣለች። እነግራታለሁ፣ ታለቅሳለች፣ በማግሥቱ ዱካዋን ይዛ ትወጣለች። አንድ ቀን ታክሲ አጥቼ ሙሽሪትን ይዤ ገባሁ። ክል... ክል... ስትል ሰማቻትና፣ መጣ አለች። ብድግ ብላ ገባች። ሦስት ሳህን አወጣች፣ በላች፣ ተኛች። የታለ ብላ እንኳ አልጠየቀችም። መስማቷ ይበቃታል። ከዚያ ወዲህ በየቀኑ በአሥራ ሁለት ሰዓት አመጣላት ነበር።»

«ምነው ሳትነግሪኝ?»

«ምን ብዬ ጋሼ? አባዬ አንተን እንዴት ያከብርህ እንደነበር... እናቴ አእምሮዋ ተነካ ልበልህ? በሱ ወዳጅ ፊት?» ጉልበቷን አቀፈች፣ ልክ እንደ አባቷ። «እንደነበረው አልኩህ እኮ። ስንት ጊዜ አልኩህ።»

«አልሽኝ» አለ። «አባትሽም ብሎኝ ነበር። እሷን ሰምታ ነው ራት የምታሞቀው ብሎኛል። እኔ ቀልድ መስሎኝ።»

እሑድ ገና በማለዳ ብረት ሰብሳቢው ቤት ደረሰ። ሰውዬው ፊቱን ሳይታጠብ ወጥቶ ሰማውና ራሱን ነቀነቀ። ረቡዕ የተጫነው ሐሙስ ማቅለጫ ገብቷል። ጭሱ ግቢው ውስጥ የቀረውን ክምር ለማንኛውም እስከ እኩለ ቀን ሲያገላብጥ ቆየ። ላሟ ያለችበት ቆርቆሮ የለችም።

ከዚያ ሙሽሪትን አስመጥቶ፣ ወርክሾፑን ከፍቶ ሁለቱን ቱቦዎች አወረደ። በአንድ ሆድና በአንድ ቀጭን ቱቦ እንደገና ሠራ። የሻይ ማስቀመጫ የምታህል ላሜራ ቆርጦ በአንድ ጥጓ ሰቀላት፣ ጠርዟን በብርጭቆ ወረቀት ፈተገው። ሰኞ ጎሚስታውን ከሥራው አስነስቶ አምጥቶ ከመኪናዋ ኋላ አቆመው።

«እንደ ድሮዋ ናት?»

ጎሚስታው ዛሬ አልቀለደም። ዓይኑን ጨፍኖ ሰማ። «ክል ትላለች። ግን ትፈጥናለች።»

ላሜራዋን በጥቂቱ አወፈራት።

«አሁንስ?»

«አሁን ልክ ናት መሰለኝ። እኔንጃ ወንድሜ። የሰው ሳል በምን ይቀዳል?»

በአሥራ ሁለት ሰዓት ልጅቷ ነዳች፣ ጭሱ ቀድሞ ሄዶ ከአጥሩ ሥር ቆመ። ክል... ክል... የሚለው ድምፅ ከመታጠፊያው ሲመጣ እትዬ ከዱካቸው ብድግ አሉ። ፊታቸው በራ። «መጣ» አሉና ቦርሳቸውን ብብታቸው ሥር አደረጉ። መኪናዋ እየቀረበች መጣች፣ ደጃፉ ላይ ደረሰች፣ ቆመች። እትዬ አንገታቸውን ዘመም አደረጉ። በፊታቸው ላይ የበራው ነገር ቀስ ብሎ ጠፋ።

«አይደለም» አሉ።

«ማነው እሱን የሚያስመስለው?» ወደ ኋላ ሸሹ፤ ጀርባቸው ከበሩ ብረት ጋር ተላተመ። «ልጄ! ዝጊ በሩን፣ ሰው መጥቷል፣ እሱን የሚያስመስል ሰው መጥቷል! አይ... አይ፣ ቆይ አትዝጊው። እሱ ውጪ ይቀርብኛል።» አንድ እጃቸው በሩን ይገፋል፣ አንዱ ይስባል። በሩ መሐል ላይ ቆሞ ሲንቀጠቀጥ፣ ልጅቷ ከመኪናው ወርዳ ከበሩ ጋር አንድ ላይ አቀፈቻቸው።

ጭሱ በሠላሳ ዓመት ውስጥ ብዙ ነገር አበላሽቶ አስተካክሏል። የማይስተካከለውን ነገር አሁን ቆሞ አየው።

ማክሰኞ አስመሳዩን አውልቆ ቆራረጠው፣ መንታዎቹን መልሶ ሰቀለላት። ሲመሽ እጁን በሳሙናና በመጋዝ ዱቄት አሽቶ ታጠበ፣ ንጹሕ ሸሚዝ ለበሰ። በእግሩ ሄዶ ከእትዬ ዱካ አጠገብ ያለው ድንጋይ ላይ ተቀመጠ። ልጅቷ ከበረንዳው ታያቸዋለች።

ብዙ ቆይተው ወደሱ ዞሩ።

«አንተ ጭሱ አይደለህም?»

«ነኝ እትዬ።»

«ታዲያ እሱስ? አብራችሁ አልነበራችሁም?»

መንገድ ላይ ሁለት መልስ አዘጋጅቶ ነበር። አንደኛው ፈተና እያረመ ነው የሚለው ነው፤ ሁለተኛው እውነቱ። አንደኛውን ምላሱ እምቢ አለ። ሁለተኛውን፣ ዛሬም አንዱ ጫማ፣ አንዱ ነጠላ ጫማ ያጠለቀውን እግራቸውን ሲያይ፣ አንጀቱ እምቢ አለ።

«እኔም እሱኑ እየጠበቅኩ ነው» አለ።

እትዬ ፊታቸውን አስጠግተው አዩት። «ቀጥሮህ ነው?»

«አዎ። በሚመጣው እረፍት ብሎኝ ነበር።»

«እሱ ቀጠሮ አይሆንለትም» አሉ፣ የብዙ ዓመት ቅሬታ በሆነ ድምፅ። «ስንቴ ነግሬዋለሁ መሰለህ! ትቆያለህ?»

«እቆያለሁ።»

«እንዳትሄድ ብቻ። አንዳችን ልንኖር ይገባል። እኔ በርዶኛል፣ ልግባ። ሲመጣ ጥራኝ።»

«እጠራዎታለሁ።»

ዱካቸውን ትተውለት ተነሡ። ማንም ክንዳቸውን ሳይነካ፣ ግድግዳውን በመዳፋቸው እየዳበሱ ገቡ። ልጅቷ በረንዳው ላይ እጇን አፏ ላይ ጭና ቀረች። ጭሱም ሊነሣ ሲል የሳሎኑ መጋረጃ ገለጥ አለ። ተመልሶ ተቀመጠ። የሳህን ድምፅ ሰማ። ሦስት ሳህን። መጋረጃው ሁለት ጊዜ ተገለጠ፣ በኋላም መብራቱ ጠፋ።

በማግሥቱም መጣ፣ በማግሥቱም። ጎሚስታው፣ «ሰውዬ፣ በአሥራ ሁለት ሰዓት በሩን ዘግተህ የት ነው የምትጠፋው? ምነው፣ ሸሚዝም መቀየር ጀመርክ» ሲለው፣ «ቀጠሮ አለኝ» ይለዋል። ልጅቷ ከሥራ ስትመለስ ሙሽሪትን ይዛ ትገባለች። «ይሄ መኪና ድምፁ ደስ ይላል። የማን ነው?» ይላሉ እትዬ። «የጎረቤት ነው» ይላቸዋል። ይህን ሲል ሁልጊዜ ወደ መሬት ያያል። ከዚያ አደራቸውን ይሰጡትና ይገባሉ፤ እሱ መብራቱ እስኪጠፋ ይቀመጣል።

አንድ ቀን፣ ዝናብ ሊጥል ከብዶ ሳለ፣ በዋናው መንገድ አንድ መኪና አለፈ። ከሆዱ የላላ ነገር ነበረው። ክል... ክል... እያለ ወደ መታጠፊያው ቀረበ።

ጭሱ ቆሞ ራሱን አገኘው። መቼ እንደተነሣ አያውቅም። መኪናው ሳይታጠፍ አለፈና ድምፁ በሌሎች ድምፆች ተዋጠ።

መጋረጃው ተገለጠ። «መጣ?» አሉ እትዬ ከውስጥ።

ቀስ ብሎ ዱካው ላይ ተቀመጠ። እጁን ጉልበቱ ላይ አሳረፈ።

«ገና ነው እትዬ» አለ።